ሦስተኛው ሰው ታማኝ ነው ብለን እናስብ

ምስጢር የሚሉት ነገር ባለቤቱ አንድ ሲሆን በእግሩ ይሄዳል፤ ሁለት ሲሆኑ ይሮጣል፤ ሦስት ሲሆኑ ክንፍ ያወጣል። ይህን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። «ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ» ብሎ የጀመረ ሰው፣ ያቺኑ «ለአንተ ብቻ» ከእናንተ በፊት ለስንት ሰው እንዳደላት ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ? አትጠይቁም። እናንተም እሷኑ ይዛችሁ የምትሄዱበት ቤት አለና። አብዛኞቻችን የሰው ምስጢር የምንይዘው እንደ ውሰት ጃንጥላ ነው፤ ዝናቡ እስኪያባራ።

የሰው ልጅ ይህን ጠባዩን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ለምስጢሩ ያላበጀው መቆለፊያ የለም። ደብዳቤውን በሰም አተመ፤ ፊደሉን አገላብጦ ጻፈ፤ ቁጥር በቁጥር ላይ ደረበ። ቁጥሩን የሚፈታ ማሽን ሊመጣ ነው ሲባል ደግሞ ወደ ብርሃን ሸሸ። የኳንተም ግንኙነት የሚባለው ይኸው ሽሽት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ያን ያህል አይከብድም። ምስጢሩን የሚከፍተውን ቁልፍ በጣም ደቃቅ በሆኑ የብርሃን ቅንጣቶች ላይ ጭኖ መላክ ነው። ቅንጣቶቹ ደግሞ አመለኞች ናቸው። መንገድ ላይ ሰርቆ ያያቸው ሰው ካለ፣ በመታየታቸው ብቻ ይለወጣሉ። ተቀባዩ ይህን ሲያይ «እነዚህ ሰው አይቷቸዋል» ብሎ ይጥላቸዋል። ሌባው እጁ ምንም ያህል ቢቀጥን ዱካውን መደበቅ አይችልም። ተፈጥሮ ራሷ ዘበኛ ሆና ስትቀጠር ማን ደስ አይለውም?

ችግሩ ከብርሃኑ አይደለም። ከሰዎቹ ነው። እኔን ጨምሮ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ጭሮ ከመጣሁ ብዙ ዓመቴ ነው። ስመጣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እቀየራለሁ» ብዬ ነበር፤ ይህን ያላለ የመንግሥት ሠራተኛ ጭሮ ውስጥ ካለ ገና ከአውቶቡስ ያልወረደ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ክረምት ክረምት እየሄድኩ ስማር፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪዬ አንድ ጥናት ሰጠኝ። ሁለት የተራራቁ ሰዎች ምስጢራዊ ቁልፍ እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚገልጽ የአሠራር ሥርዓት ነው። ሰዎቹ የራሳቸው ጥሩ መሣሪያ ስለሌላቸው መሐል ላይ ሦስተኛ ሰው ይቀመጣል። የብርሃን ቅንጣቶቹን የሚያዘጋጀውና ለሁለቱም የሚልከው እሱ ነው። የእኔ ሥራ ስሌቱን መመርመርና አሠራሩ ምን ያህል ርቀት እንደሚያስኬድ አስልቶ መጻፍ ነበር። አማካሪዬ «አታወሳስበው፤ ገምግመህ ጨርስ» አለኝ። እኔም ከመጨረስ በቀር ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

የተከራየሁት ኦቦ ሙሜ ዩያ ግቢ ነው። ኦቦ ሙሜ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጫት ደላላ የነበሩና እግራቸው ሲደክም ሥራውን ለሌሎች የተዉ ሰው ናቸው። ከቦኬ እስከ ሂርና ያለ ገበሬም ገዢም ያውቃቸዋል። በማንኛውም ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ምንጣፍ ዘርግተው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ከፊታቸው ፔርሙዝና ለምለም ጫት አስቀምጠው ይገኛሉ። እኔን ስሜን ጠርተውኝ አያውቁም። «በርሲሳ» ነው የሚሉኝ፤ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። እኔም ለወጉ ያህል ሁለት ቀንበጥ ይዤ ከጎናቸው ወረቀቴን እዘረጋለሁ። እሳቸው ሲቅሙ እኔ አሰላለሁ።

አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ተቀምጠን ሳለ ወደ ወረቀቱ አዘንብለው፣

«በርሲሳ፣ ይሄ ወረቀት ምን አደረገህ? በየቀኑ ታፈጥበታለህ» አሉኝ።

ለጨዋታ ያህል ነገርኳቸው። ቦኬ ያለ ሰው ሂርና ላለ ሰው ምስጢር መላክ ቢፈልግ፣ መንገድ ላይ ያለ ሌባ ደግሞ ሊያይበት ቢሞክር፣ ያያት ቅንጣት ስለምትለወጥ እንደሚታወቅበት አስረዳኋቸው። ይህን እኔ ለመረዳት አንድ ሙሉ ክረምት ፈጅቶብኛል።

«እንደ ጫት በለኛ» አሉ። «የተፈታ እስር ይጠወልጋል። መልሶ ቢያስረውም የሚያውቅ እጅ ያውቀዋል።»

«ልክ እንደሱ» አልኩ። ትንሽ ቅር እያለኝ።

«የሚያስረው ማነው?»

«መሐል ላይ ያለ ሦስተኛ ሰው።»

«ደላላ።»

«ደላላ እንኳን አይደለም፣ የሚያመቻችላቸው…»

«ሁለቱ አይተያዩም፣ እሱ ሁለቱንም ያያል። ደላላ ነው። እሺ፣ መጠውለጉን ማነው የሚያየው?»

ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። በጥናቱ መሠረት ሁለቱ ሰዎች ከደረሳቸው ቅንጣት ጥቂቱን ለናሙና ይመርጡና ያገኙትን ውጤት ለሦስተኛው ሰው ይልካሉ። እሱ ያስተያይና «መንገዱ ንጹሕ ነው፣ ሌባ አልነካውም» ብሎ ያውጃል።

«እሱው ራሱ ነው» አልኩ።

ኦቦ ሙሜ የያዙትን ቀንበጥ ምንጣፉ ላይ አኖሩት።

«ያሰረውም እሱ፣ አልተፈታም ብሎ የሚመሰክረውም እሱ? ዋላሂ፣ በርሲሳ፣ እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ባገኝ ኖሮ ዛሬም አልተውም ነበር።»

«ሦስተኛው ሰው ታማኝ ነው ብለን እናስብ ይላል ጥናቱ» አልኳቸው። እውነትም ይላል። በሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር፣ እንደ ዋዛ።

«እኔም ታማኝ ነኝ» አሉ ኦቦ ሙሜ፣ «ሰው ሲያየኝ።»

ከዚያ በጎልማሳነታቸው የሠሩትን አጫወቱኝ። ቦኬ ያለን አንድ ገበሬና ሂርና ያለን አንድ ገዢ ያገናኙ ነበር። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። ኦቦ ሙሜ ጫቱን ከገበሬው ሲቀበሉ ምርጡን ያወጡና ሌላ ተክተው ያስራሉ። ለገዢው «ገበሬው የላከው ይሄ ነው» ይሉታል፤ ገበሬው ሲጠይቅ «ገዢው ደርቋል ብሎ አማረረ» ይሉታል። ሁለቱም ከንፈራቸውን እየመጠጡ፣ ሁለቱም እሳቸውን እያመሰገኑ ብዙ ጊዜ ኖሩ።

«እንዴት ታወቀብዎት?»

«ለቅሶ ላይ ተገናኙ። ሁለቱ፣ እኔ ሳልኖር። አንዱ ‹ለምን ደረቅ ትልክብኛለህ› አለ፤ ሌላው ‹እኔ?› አለ። አለቀ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከዚያ ወዲህ አልደገምኩትም።» ቀንበጡን መልሰው አነሡ። «እነዚህ ያንተ ሰዎችም ናሙናውን በደላላው በኩል አይጠያየቁ። እሱ በሌለበት ይጠያየቁ።»

ሳቅሁ። ክፍሌ ገብቼ ግን ሳቄ ቆመ። በነጋታው፣ በሳምንቱም፣ ደብተሬን ሞላሁት። መሐል ያለው ሰው አስቀድሞ እያንዳንዷን የሚያውቃቸውን ቅንጣቶች ቢልክ፣ ናሙናውን ሲመረምር ደግሞ «ንጹሕ ነው» ብሎ ቢዋሽ፣ ቁልፉ ሙሉ በሙሉ እጁ ይገባል፤ ሁለቱ ሰዎች አንዳች ነገር አይጠረጥሩም። ስሌቱ ተሠራ። መድኃኒቱም የለቅሶው ቤት መድኃኒት ሆነ፦ ሁለቱ ናሙናቸውን ሦስተኛው ሰው ሊለውጠው በማይችል መስመር ራሳቸው ያስተያዩ። ተመርምሮ የታተመ ጥናት ላይ ያን የሚያህል ቀዳዳ ተቀምጦ፣ ስንቱ ሊቅ አልፎት ሲሄድ፣ ጭሮ ላይ ምንጣፍ የተቀመጡ ሰው አዩት።

ኔትወርኩ ብቅ ያለ ዕለት ለአማካሪዬ ላክሁለት። ደወለ። ድምፁ ተለውጧል።

«ይሄ የራስህ ሐሳብ ነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ ልንገራችሁ። የተጠየቅሁት አጭር ጥያቄ ነበር፤ መልሱም አጭር ነበር። «አዎ» አልኩ። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደብኝም። ስሌቱን የሠራሁት እኔ አይደለሁ? ብዬ ነበር ለራሴ። ሰው ሲዋሽ መጀመሪያ የሚያሳምነው ጠበቃ ራሱ ውስጥ ነው ያለው፤ ክፍያም አይጠይቅም።

«እንግዲያው ግምገማ መሆኑ ቀርቷል፤ ግኝት ነው» አለኝ አማካሪዬ።

የመመረቂያ ጽሑፍ የምስጋና ገጽ እንዳለው ታውቃላችሁ። ፈጣሪን፣ አማካሪዬን፣ የትምህርት ክፍሉን፣ ርዕሰ መምህራችንን አመሰገንኩ። ጽሑፌን የተየበችልኝን ልጅ ሳይቀር አመሰገንኩ። ቀጥዬ በእንግሊዝኛ «ኦቦ ሙሜ ዩያ፣ የቀድሞ የጫት ደላላ» ብዬ ጻፍኩና ዐይኔን ተከልኩበት። ፈታኞቹ ሲያነቡት ታየኝ። አንዱ ለሌላው ሲያሳየው፣ ሁለቱም ፈገግ ሲሉ ታየኝ። ኳንተምን ከበርጫ ላይ ያገኘ መምህር። «የአካባቢ ነጋዴ» ብዬ ለወጥኩት። ነጋዴም ከብርሃን ቅንጣት ጋር ምን አገናኘው? «የአገር ሽማግሌ» አልኩት። ይሄ ደግሞ ለዕርቅ የመጡ አስመሰላቸው። አጠፋሁት። «ነገ በደንብ አስቤ እመልሰዋለሁ» አልኩ። አልመለስኩትም።

ፈተናው ላይ አንዲት ሴት ፈታኝ ሌላ ዕድል ሰጡኝ። ወርቅ ዕድል ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ወደዚህ ጥርጣሬ ምን መራህ?» አሉኝ። የአንድ ሰው ስም መጥራት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «ንባብ» አልኩ። በጥሩ ውጤት አለፍኩ።

ወደ ጭሮ ስመለስ ጥቁር ልባስ ያለውን፣ ርዕሱ በወርቅ ቀለም የተጻፈውን ጥራዝ አንድ ቅጂ ለኦቦ ሙሜ ሰጠሁ። ያልከፈሉትን ዕዳ በስጦታ ማካካስ የሚሉት ዓይነት ነገር ነው። እንግዶች ነበሩ፤ በረንዳው ሞልቷል። እንግሊዝኛ ስለማያነቡ በሁለት እጃቸው ይዘው አገላበጡት፤ አሸተቱት።

«ያ የደላላው ነገር አለበት?»

«አለበት።»

«ማሻአላህ። የኔስ ስም አለ?»

ሰው ሁሉ ጫቱን ትቶ እኔን ያያል።

«አለ» አልኩ።

ከግድግዳው መደርደሪያ ላይ፣ ከቁርአናቸው ዝቅ አድርገው፣ በላስቲክ ጠቅልለው አኖሩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወርዱታል። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሥራ በዛብኝ። ፈተና አርማለሁ፤ ስብሰባ አለብኝ፤ ራሴን አሞኛል። ምንጣፉ ላይ የነበረው ቦታዬ ቀስ በቀስ የሌላ ሰው ሆነ።

ኦቦ ሙሜ ኢፍቱ የምትባል ልጅ አለቻቸው። አስራ አንደኛ ክፍል እኔ ነኝ ፊዚክስ ያስተማርኳት፤ ጎበዝ ነበረች፤ ፋርማሲ አጥንታ ቦርደዴ ተመደበች። ለአረፋ በዓል መጣች። በበዓሉ ማግስት ጠዋት በሬን አንኳኩታ ቆመች። ግቢ ብላትም አልገባችም።

«ቲቸር፣ አባ ትናንት መጽሐፉን አንብቢልኝ አለኝ» አለች። «ስሙ ያለበትን።»

«ኢፍቱ፣ እኔ…»

«ሁሉንም ገጽ አየሁት። የለም።»

«አውቃለሁ።»

«አነበብኩለት» አለች።

አልገባኝም።

«ደህና ለመስማት እጁን ጆሮው ጀርባ አድርጎ ተቀምጧል። ጎረቤት ሁሉ አለ። ምን ላድርግ? ስሙ እዚህ ጋ ነው ብዬ አነበብኩለት። ወደ ኦሮምኛም መለስኩለት። አለቀሰ።»

ግቢው ውስጥ የበዓሉ በግ ቆዳ ተዘርግቶ ነበር፤ ሁለታችንም እሱን እናያለን።

«ዛሬ እነግራቸዋለሁ» አልኩ በመጨረሻ። «ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«አይሆንም» አለች። ቁጣ የለባትም፤ ደክሟታል። «አሁን ቢነግሩት ውሸታሟ እኔ ነኝ። እርስዎን ይቅር ይላል። ሰው ነው፣ ይቅር ይላል። እኔ ግን ልጁ ነኝ።»

ይህን ብላ ሄደች። እኔ ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ እንኳ የማልችልበት ቦታ ላይ ቀረሁ። እውነት ለመናገር፣ በዚያ ሰዓት ትንሽ እፎይ ያልኩ ይመስለኛል። መናገር ተከልክያለሁና። ይህን ስጽፍ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ እሷ እፎይታ ናት።

ከዚያ ወዲህ በዚሁ በኳንተም ጉዳይ ብዙ አነበብኩ። አዳዲስ ቀዳዳ ይገኛል። አንዳንዴ መሣሪያው በስሕተት አንድ ቅንጣት መላክ ሲገባው ሁለት ይልካል፤ ሌባው አንዷን ያስቀርና ሌላዋን ሳይነካ ያሳልፋታል፤ ተቀባዩ ምንም አይጎድልበትም። ደግሞ ሌላ አለ፤ ሌባው ቅንጣቷን ሰርቆ ለማየት ከመጨነቅ ይልቅ በተቀባዩ መሣሪያ ዐይን ላይ ኃይለኛ ብርሃን ይለቅበታል። መሣሪያው ይታወራል። ከታወረ በኋላ ሌባው «አየህ» ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። ይህን ያነበብኩ ቀን ለኦቦ ሙሜ ልነግራቸው ተነሥቼ ወጣሁ። በአሰቦት ቁልቁለት ረጅም መብራት እያበሩ የሚመጡ የጫት አይሱዙዎችን እያነሡ ምን እንደሚሉኝ ገና ሳልደርስ በሐሳቤ እየሰማሁ ነበር የምሄደው። በረንዳው ጫፍ ደረስኩ። ጀርባቸውን ሰጥተው ለአንድ እንግዳ ጥራዙን እያሳዩ ነበር። «እዚህ ጋ ነኝ» ይላሉ፣ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አድርገው። የትኛው ገጽ እንደሆነ አላየሁም። ተመለስኩ።

ኦቦ ሙሜ በበልግ ታመሙ፤ ብዙም አልቆዩ። የቀበርናቸው ዕለት ከቦኬም ከሂርናም ሰው መጣ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች እየተነሡ እጄን ይጨብጡኛል። «ስማቸውን መጽሐፍ ውስጥ ያስገባኸው አንተ ነህ?» ይሉኛል። አንዱማ አቅፎኝ፣ «ሰው ውለታ አይረሳም ሲሉ ውሸት ይመስለኝ ነበር» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ኀዘን መሰላቸው። ኀዘንም ነበር።

ወሩ ካለፈ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ደወልኩ። አንድ ገጽ ልለውጥ እችል እንደሆነ ጠየቅሁ። አንዴ የገባ ጽሑፍ አይነካም አሉኝ፤ ሥርዓት ነው። ልክ ናቸው። ቢሆንም ፋይሉን ከፍቼ የምስጋናውን ገጽ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የዚህ ጥናት ዋና ሐሳብ የኦቦ ሙሜ ዩያ መሆኑን፣ እሳቸው የጫት ደላላ እንደነበሩ፣ እኔ ስሌቱን ብቻ እንደሠራሁ ጻፍኩ። የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ መርጬ፣ አንዱን እንኳ ሳልሸፋፍን። አሳተምኩት፤ በጥቁር ልባስ አስጠረዝኩት፤ ለኢፍቱ ይዤላት ሄድኩ።

ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ቦርደዴ ልትመለስ ስትል ነው የደረስኩት። ቆማ ገጹን አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከደነችው።

«እኔ ያነበብኩለት ከዚህ ይሻል ነበር» አለች።

«ምን ብለሽ ነበር ያነበብሽላቸው?» አልኳት።

ጥራዙን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሚኒባሱ ክላክስ አደረገ። አልነገረችኝም።